ባሌ የት ነው የሚበላው?

ባሌ ሐምዱ ቤት መብላት ያቆመው በአንድ ቀን አይደለም። በአንድ ቀን ቢያቆም ኖሮ ያኔውኑ ተጣልቼው ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ቀስ እያለ ነው የተወው። መጀመሪያ እራት ሲቀርብ "ዛሬ ከበድ ብሎኛል" አለ። ቀጥሎ "ሱቅ ቀማምሻለሁ" ማለት ጀመረ። በመጨረሻ ገና ከበር ሲገባ፣ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ፣ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይለኝ ጀመር። ሰላምታችን እሱ ሆነ።

እኔ ደግሞ በእጄ የምታማ ሴት አይደለሁም። ከደሴ ጁባ ከመጣን ጀምሮ በሀይ ጀላባ ሠፈር ያሉ የአገራችን ነጋዴዎች የኔን ወጥ በመዓዛው ያውቁታል። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ባሏ "በልቼ ነው የመጣሁት" ሲላት ምን ልታስብ ነው?

ነገሩን ያባባሰው ደግሞ መክሳቱ ነው። ሐምዱ ሞላ ያለ፣ ሲሄድ መሬት የሚረግጥ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ሸሚዙ እላዩ ላይ የተሰቀለ መሰለ፣ ቀበቶውን በምስማር እየበሳ ማጥበቅ ጀመረ። ዘይትና ፓስታ በጅምላ የሚወስዱት ደንበኞቹ "ስፖርት ጀመርክ እንዴ? አማረብህ" ይሉታል። እሱም ፈገግ ይላል። እኔ ግን ጉንጩ የገባ ሰው የት ላይ እንዳማረበት አልታየኝም።

ጥርጣሬዬን ውሃ ያጠጣችልኝ ሲድራ ናት። ሲድራ የሺፋ ሚስት ናት፤ ሺፋ ደግሞ ሱቁ ከሐምዱ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የልብ ጓደኛው ነው። ሲድራ ደግ ናት፣ ወሬ ግን ካልነገረች ምግብ አይፈጭላትም።

"ዓቢዳ፣ እኔ ምን አገባኝ" አለችኝ አንድ ቀን፣ እንደሚያገባት በሚያሳውቅ ድምፅ። "አንቺ ቤት ካልበላ ግን የሆነ ቤት እየበላ ነው።"

"ቢበላማ ለምን ይከሳል?"

"ሁለት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሊወፍር ኖሯል?"

ይህ አነጋገር ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሲያንቃጭል አደረ። በማግስቱ ሲድራ ራሷ ስም ጨመረችበት፤ ካቶር ሠፈር የምትኖር ጀንነት የምትባል ፈት ሴት አለች፣ ሳምቡሳ እየጠበሰች ለሱቆች ታከፋፍላለች፣ ሐምዱም ጋ ሳትቀር ትመጣለች። እኔ ስናደድ ማስረጃ አልጠይቅም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁና ቦዳ አስቆምኩ።

"ማማ፣ ኢታ ማሺ ወይን?" አለኝ የሞተር ሳይክሉ ነጂ፣ ወዴት ነሽ ለማለት።

"ካቶር" አልኩት። "ቶሎ በል።"

መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ሌላ ሚስት ማግባቱ አይደለም። ምግቧ ከኔ መብለጡ ነው።

ቤቷን ጠይቄ ስገባ ያገኘኋት ሴት እናቴን የምታክል ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት በርጩማ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ብረት ድስቱን አጠገቧ ጥዳ፣ ሳምቡሳ ትገለብጣለች። የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። የሐምዱ ሚስት መሆኔን ስነግራት ፊቷ ቅጭም አለ።

"የመጣሽው ደግ ነው፤ እኔም እጠይቅሽ ነበር" አለችኝ። "ባልሽ ምን አስቀይሜው ነው? ሁልጊዜ ይገዛኛል፣ አንዲት እንኳን አፉ አያደርግም። ዓይኔ እያየ ለሰው ያድላል። ሊጥ አልጎደለብኝ፣ ዘይት አላሳረርኩ። ወላሂ አዝኜበታለሁ።"

ከጠላቴ ቤት እንዲህ ተቀጥቼ ወጣሁ። ሳምቡሳ በፌስታል ሰጥታኝ ቦዳው ላይ እየበላሁ ተመለስኩ። ግሩም ነበር። ታዲያ ይህንን ያልበላ ሰው የት ነው የሚበላው?

ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። እዚያ ሠፈር ያሉ የአገራችን ነጋዴዎች ምሳቸውን አብረው ነው የሚበሉት፤ በየተራ ከአንዱ ቤት ትልቅ ትሪ ይመጣል፣ ሁሉም ከበው ይቀርቡታል። የኔ ተራ ሲሆን ትሪው ተጠርጎ ስለሚመለስ ልቤ ይሞላ ነበር። የዚያን ቀን የሲድራ ተራ ነው። በተደረደሩት የዘይት ካርቶኖች ኋላ ቆሜ አየኋቸው።

ሐምዱ እጁ ከትሪው ላይ አይነሳም። ይቆርሳል፣ ይጠቀልላል፣ ያጎርሳል። ለሺፋ ያጎርሳል። አጠገቡ ላለው ለያህያ ያጎርሳል። "አይበቃም፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" ይላል። ሁሉም ይስቃሉ፤ ያመሰግናሉ፤ አፋቸውን ሞልተው "አንተ ሰውዬ ልትገድለን ነው" ይሉታል። ለጋስነቱ ደስ ሊለኝ ሲል አንድ ነገር ታየኝ። ያ እጅ አንድም ጊዜ ወደ ራሱ አፍ አልሄደም።

ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ የለም። ትሪው ባዶ ከሆነ ሁሉም በልቷል ማለት ነው። ሐምዱ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ትሪ ዳር ተቀምጦ ሲጾም፣ ሰው ሁሉ ከሱ በላይ ምግብ የሚወድ የለም ይል ነበር። ሺፋን አየሁት። ቦርጩ ትሪው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም። የኔ ባል ሥጋ የት እንደሄደ አገኘሁት።

መጨረሻ ላይ ሺፋ ብድር ልመልስ ብሎ ቡጢ የሚያክል ጉርሻ ጠቀለለ። ሐምዱ ሳቀ፣ አመካኘ፣ ወደ ኋላ ሸሸ። ጉርሻ ግን እጅ ላይ እያለ እምቢ አይባልም። ዋጠው። ሻይ መጣ፣ ወሬ ቀጠለ፣ ሰዎቹ ወደየሱቃቸው ተበተኑ። እኔ ከካርቶኖቹ ኋላ አልወጣሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆነው ሐምዱ ግንባሩን በእጁ ጠረገና ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። ተከትዬው ገባሁ።

የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ስቦ፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ አፌ ላይ የነበረው ጥያቄ ሳላስበው አመለጠኝ።

"ማን ናት?"

"ማን?" አለ በጭንቅ።

"ቤቷ የምትበላባት ሴት።"

እያመመው ሳቀ። ሳቁ እንደገና አሳመመው። "ዓቢዳ" አለኝ፣ "እኔ ምግብ ፈርቻለሁ።"

ሕመሙ ሲለቀው ሁሉንም ነገረኝ። በበላ በግማሽ ሰዓት ሆዱን አንድ ነገር ይጨብጠዋል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ይዞት ይቆያል። ካልበላ ግን ምንም የለበትም። ስለዚህ መብላቱን ተወ። እንደኛ ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው ብሎ የጨጓራ ክኒን ሲውጥ ከረመ፤ ተልባም ጠጣ፣ እርጎም ጠጣ። ሐኪም ጋ ያልሄደው ታላቅ ወንድሙ በሆድ ሕመም ጀምሮ በዚያ ስሙ በማይጠራ በሽታ ስለሞተ ነው። "ስሙን ከነገሩኝ በኋላ አልሰማሁም ማለት አልችልም" አለኝ።

"ማጉረሱስ?"

"ካላጎረስኳቸው ያጎርሱኛላ።"

ሴት ባለመኖሯ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ደስታዬ ግን ከዚያ ክፍል እስክወጣ እንኳን አልቆየም።

በማግስቱ ቶንፒንግ ሠፈር ወሰድኩት። እዚያ ዶክተር ረድኤት የምትባል የአገራችን ልጅ አለች፤ ቀን በአንድ የውጭ ድርጅት ትሠራለች፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ ሕመምተኛ ታያለች። ገና ወጣት ናት፣ ሐምዱ ሲያያት "ልጄን ታክላለች" ብሎ አንሾካሾከልኝ። አስተኝታው ማዳመጫውን ሆዱ ላይ አደረገች።

"ልቤ እዚያ አይደለም" አላት ሊያስቃት።

አልሳቀችም። ረዥም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ የደም ስሩን ፍሰት የሚያሳይ አልትራሳውንድ አዘዘችለት። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ወንበሯን ወደኛ ሳበች።

"አቶ ሐምዱ፣ የቸገረዎ ጨጓራ አይደለም፤ ደም ነው" አለችው። "ምግብ ሲገባ አንጀት ሥራ ይጀምራል። ለመሥራት ደግሞ ብዙ ደም ይፈልጋል። ወደ አንጀትዎ ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ጠበዋል። ስላልደረሰው ነው የሚጮኸው። ሳይበሉ ሲውሉ ሥራ ስለሌለው ዝም ይላል።"

"ያ በሽታ አይደለም?" አለ ሐምዱ።

"እስካሁን ያንን የሚያመለክት ነገር አላየሁም። አዲስ አበባ ሄደው በሲቲ ስካን ይረጋገጣል።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ብድግ አለ። እጇን ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ። ዓመት ሙሉ የተሸከመውን ያወረደ መሰለኝ።

"ይቀመጡ" አለችው። "ገና አልጨረስኩም።"

ተቀመጠ።

"የደም ስር እንዲህ ሲጠብ አንድ ቦታ ብቻ አይጠብም። ወደ ልብ የሚሄደውም፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄደውም ያው ነው። ይህ ችግር ያለባቸውን ሰዎች የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ድንገት ሊወስዳቸው ይችላል። እኔ አሁን ለሆድዎ ብቻ አይደለም የምፈራው፤ ለልብዎ ጭምር ነው።"

"ልቤን አሞኝ አያውቅም።"

"ደረጃ ሲወጡስ?"

ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን አፌ ዝም አይልም። "ላይኛው መጋዘን ሲወጣ ሁልጊዜ መሀል ደረጃ ላይ ይቆማል" አልኳት። "ስልክ የሚያይ ይመስላል። ስልኩ አንዳንዴ ጠፍቶ ነው የሚያየው።"

ሐምዱ አፈጠጠብኝ። ዶክተሯ ስለ ሲጋራ ጠየቀችው። እሱ "ጥቂት" አለ፤ እኔ "ፓኮ" አልኩ። የልቡንም ምት እዚያው በመሣሪያ አየችው፤ ያየችው ደስ አላላትም። ደም የሚያቀጥንና ስብ የሚቀንስ መድኃኒት አዘዘችለት። ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ይብሉ፣ ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ የለም፣ ሕመሙ ድንገት ጠንክሮ አልለቅም ካለ አይተኙበት፣ ወዲያው ይምጡ አለችው። አዲስ አበባ ደግሞ መጀመሪያ ልቡ ይታይ፣ ከዚያ የአንጀቱ ቧንቧ ይከፈት አለች።

ከግቢው ወጥተን መኪና ስንጠብቅ ሐምዱ ሲጋራ ለኮሰ።

"አሁን ምን አለችህ?"

"እኔ ስለ ሆዴ ነው የሄድኩት" አለ። "ልቤን ማን ጠየቃት?"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አታንሱብኝ። ወሬው ሱቁን አዳረሰ። ሺፋ ሲሰማ ሁለት ቀን ምሳ አልበላም፤ "የሱን ድርሻ ነው ያሸከመኝ" እያለ ቦርጩን በጥፋተኛ ዓይን ያያል። ያህያ ማር ይዞ መጣ። ጀንነት ደግሞ በዚያ ጉልበቷ ከካቶር ድረስ መጥታ ቅያሜዋን አነሳች። ሐምዱ ሁሉንም እየሳቀ ተቀበለ። "ቧንቧ ነው፣ ከፍተውልኝ እመለሳለሁ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም" ይላቸዋል። ስለ ልቡ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ደረጃው መሀል ላይ መቆሙንም አልተወም፤ ፓኮውንም ከኪሱ አላወጣም።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ሱቁ ውስጥ ትእዛዝ ሰጠኝ።

"እዚያ ስንደርስ ስለ ሆዴ ብቻ ነው የምናወራው። ልብ ከተነሳ ይቆርጡኛል፣ ይበጡኛል፣ መመለሻዬ አይታወቅም። አንቺም እንዳታነሺ።"

"ብትሞትስ?"

"ያሳመመኝ ነገር የለም እኮ፣ ዓቢዳ። ያላመመኝን ነገር ለምን እነካካለሁ?"

ይህን ሲል ሲጋራው በእጁ ነበር። ሺፋም በሩ ላይ ቆሟል። ጮክ ብዬ ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ እኔ ደግሞ ስድብ አልቆብኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን አልወጣ አለኝ። የወጣው ሌላ ነው።

"ያን ቀን ካቶር ስሄድ ሴት ባገኝ ፀጉሯን ልነጭ ነበር የሄድኩት" አልኩት። "አሁን ግን ወላሂ፣ ሴት በሆነች ብዬ እመኛለሁ። ሴት ብትሆን አንተ አለህ። ካቶር ነህ። ሲያሰኘኝ ቦዳ ይዤ እመጣለሁ፣ በሯ ላይ ቆሜ እሰድብሃለሁ፣ ይወጣልኛል። ይሄ ልብህ ቢቆምብኝ ግን የት መጥቼ ነው የምሰድብህ? ንገረኛ። የት ነው የማገኝህ?"

ሺፋ ቀስ ብሎ ከበሩ ሄደ።  ሐምዱ በትዳራችን እንደዚያ ሆኜ አይቶኝ አያውቅም፤ እንባዬ አገጬ ላይ ደርሶ እንኳን አልጠረግኩትም። ሲጋራውን መሬት ጥሎ ረገጠው። ፓኮውን ከደረት ኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አፉ በይኝ" አለኝ። "እኔ ከመጀመሪያው ፈርቼ ነው። እዚያ ስንደርስ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ አፌ አይታዘዝልኝም።"

ነገርኳቸው። ጠይቀው እስኪሰለቹ ነገርኳቸው፤ ደረጃውን፣ ስልኩን፣ ፓኮውን። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች በእጁ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የልቡን ደም ስር ሲያዩት ዋነኛው ሊደፈን ትንሽ ነው የቀረው። ዝም ብሎ ሆዱ ቢነካ ኖሮ ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይነሳ ይችል ነበር አሉኝ። መጀመሪያ የልቡን ከፍተው እንዳይጠብ መደገፊያ አስገቡለት። ጥቂት ሳምንት አሳርፈው የአንጀቱንም እንደዚያው አደረጉ። ስንሰናበት ሐኪሙ ድኗል ብላችሁ እንዳትዘናጉ አለን፤ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፣ ሲጋራው እንደወጣ ይቅር፣ ክትትሉ አይቋረጥ። እኔን ያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም። ሆዱ ዓመት ሙሉ ሲጮህ እኔ ሌላ ቤት የሚበላ መስሎኝ ስናደድ፣ ልቡ ምንም ሳይል እዚያ ጋ ደርሶ ነበር። አሁንም ደረጃ ሲወጣ ከኋላው ሆኜ አዳምጠዋለሁ።

ጁባ በገባን ማግስት ነጋዴዎቹ ትሪ ይዘው ሊመጡ ነበር። ከለከልኳቸው። ሲድራ አኮረፈች፤ ታኩርፍ። አዲስ አበባ ከሾርባና ከአጥሚት ሌላ አልቀመሰም ነበርና የመጀመሪያዋን ምሳ ቤቱ ከኔ ጋር እንዲበላ ፈለግኩ። ትንሽ ሰሀን ላይ ግማሽ እንጀራ፣ ምስር ወጥና ጎመን አድርጌ ሰጠሁት። እሱ እንደ መጀመሪያ ቀን ሙሽራ ቀስ እያለ፣ ሰሀኑን እያየ በላ። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ቁራሹን በዓይኔ ተከተልኩ።

ጨረሰ። እጁን ታጠበ። ከዚያ ሁለታችንም መጠበቅ ጀመርን።

ምን እንደምንጠብቅ አልተነጋገርንም። እሱ ግድግዳውን ያያል፤ እኔ ፊቱን። ስልኬ ጮኸ፤ ሲድራ ናት፣ አላነሳሁም። ግንባሩ ላይ ላብ ሲያወጣ አየሁና ብድግ አልኩ፤ የሙቀቱ ላብ ነው፣ እኔም አልቦኛል።

"መጣ?" አልኩት።

"አልመጣም።"

ትንሽ ቆየሁ። "አሁንስ?"

"ዓቢዳ፣ አትጥሪው እንጂ።"

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጨመረ። ሐምዱ መዳፉን ሆዱ ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ከውስጥ የሚመጣ ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ቆየ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ሰሀኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደኔ አስጠጋው።

"ትንሽ ጨምሪልኝ" አለኝ።

ሰሀኑን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ድስቱን ከፈትኩ። ጭልፋውን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ድምፄን አልደበቅኩትም፣ ይስማ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ፣ ሐኪሞቹ እንዳሉት ትንሽ ብቻ ጨመርኩለት።